እንግዶቹ የት አሉ?

ከእንፍራንዝ ወደ ጉዛራ ግንብ የወጣ ሰው ፊቱን ወደ ምዕራብ ሲመልስ ጣናን ያያል። እኔ ግን ለዚህ ኮረብታ መውጣት አያስፈልገኝም ነበር። ሰማዩ በጠራ ቀን ከአባቴ ቤት ደጃፍ ቆሞ ማየት ይቻላል፤ ከሜዳው ማዶ፣ ከአድማሱ ሥር የተሰመረ ቀጭን ነጭ መስመር ነው። እኛ «ባሕር» እንለዋለን። «ጣና» የሚለውን ስም የተማርሁት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። በዚያ ነጭ መስመር ላይ ለመቀመጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ከዚያ በፊት ግን ስለ ጣና አሥራ አንድ ግጥሞች ጽፌ፣ ሦስቱን በአደባባይ አንብቤ፣ በአንዱ ሞቅ ያለ ጭብጨባ ተቀብያለሁ።

ይህ ጽሑፍ ክስ ነው። አንደኛው ተከሳሽ እኔ ነኝ፤ ሁለተኛው ተከሳሽ እናንተ ናችሁ፣ ስለ ጣና ያነበባችሁ፣ የጻፋችሁ፣ በየመድረኩ ያለቀሳችሁለት የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች። ክሱም አጭር ነው፦ አንድ ቀን እንኳ ጀልባ ተከራይተን ውኃው ላይ ሳንውል የውኃው አፈ ንጉሥ ሆነናል።

ማስረጃውን ከራሴ ልጀምር። ከአሥራ አንዱ ግጥሞች አንዱ እንዲህ ብሎ ይነሣል፦

ጣና ሆይ እናቴ፣ የማሕሌት ውኃ፣
እንባሽ ይንቆረቆር፣ ካድማስ እስከ በርሃ።

በረሃው ከየት መጣ ብላችሁ አትጠይቁኝ። ለ«ውኃ» ቤት የሚመታ ቃል ስለ ቸገረኝ ነው የመጣው። ዝቅ ብሎም «የማይደረስ ጥልቀትሽ» የሚል ስንኝ አለ። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሰፋም እጅግ ጠለቀ በተባለበት ቦታ እንኳ ወደ 15 ሜትር ግድም መሆኑን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ዓሣ አጥማጅ ቢሰማኝ በሣቀብኝ። ዓሣ አጥማጅ ግን የግጥም ምሽት አይመጣም፤ ይህም ለእኛ በጅቶናል።

በ2010 ዓ.ም. ኅዳር መገባደጃ ላይ አባቴን ይዤ ጀልባ ልከራይ ወጣሁ። እንዲያው ልቤ ስለ ፈቀደ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ልብ በሉ፤ ውኃው ከደጃችን ይታያል፤ ለመሳፈር ግን ጀርባችንን ሰጥተነው ወደ ሰሜን መሄድ ነበረብን። በእኛ በኩል ያለው ዳርቻ ረግረግ፣ ፊላና እርሻ እንጂ የሚከራይ ጀልባ የሚቆምበት ወደብ አልነበረውም። ስለዚህ ማክሰኝትን አልፈን አዘዞ፣ ከአዘዞ ቆላ ድባ፣ ከቆላ ድባ ጯሂት፣ ከጯሂት ጎርጎራ፤ መኪና እየቀያየርን ውለን ሲመሽ ደረስን። ከደጃፋችን የሚታየውን ነገር ለመንካት አንድ ሙሉ ቀን ዞርን ማለት ነው።

በማግሥቱ ማለዳ ወደ ውኃው ዳር ወረድን። የጀልባው ባለቤት እኔንና አባቴን አየ፤ ቀጥሎ ከኋላችን ያለውን መንገድ አየ።

«እንግዶቹ የት አሉ?» አለኝ።

«እንግዳ የለም። እኔና አባቴ ነን።»

«ለንግሥ ነው?»

«አይደለም።»

«ክሊፕ ልትቀርጹ ነው?»

«ዝም ብለን ልንውል ነው።»

ሰውየው ዋጋውን ከመናገሩ በፊት ጥቂት ዝም አለ። ሦስት ሺህ ብር፣ ነዳጁን ጨምሮ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። አባቴ ወደ ጆሮዬ ቀርቦ የሰሞኑን የጤፍ ዋጋ አሰላልኝና «ከአንድ ኩንታል በላይ ውኃ ላይ ልትበትን ነው» አለኝ።

ሰውየውን አልወቅሰውም። ለዓመታት ያየውን ነው የጠየቀው። ወደ እርሱ የሚመጣው ወይ ፈረንጅ የሚያጅብ አስጎብኚ፣ ወይ ለገዳም ንግሥ የሚሻገር ምእመን፣ ወይ ሙሽራና ካሜራ ነው። የአገሩ ሰው ውኃውን ለማየት ብቻ፣ በራሱ ገንዘብ፣ በማለዳ ተነሥቶ ሲመጣ አላጋጠመውም። እኔን ያስደነገጠኝ ጥያቄው ትክክል መሆኑ ነው። ጣና የተሰናዳው ለእንግዳ ነው፤ እኛም ራሳችን እንግዳ ሲመጣ ብቻ ወደ ውኃው የምንወርድ፣ እንግዳው ሲሄድ ዳር ላይ ቆመን ግጥም የምንጽፍ ሆነናል።

ይህን ለወዳጆቼ ባነሣሁ ቁጥር ሦስት ዓይነት መልስ ይሰጡኛል። የመጀመሪያው «ሕዝብ በተራበበት አገር ጀልባ ተከራይቶ መንሸራሸር የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚል ነው። ይህን የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ ማኪያቶው ፊቱ እየቀዘቀዘ ነው የሚናገረው፤ ይሁን ይለፍ። ግን ከመቼ ወዲህ ነው ውኃ ላይ መውጣት የፈረንጅ የሆነው? በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነገሡት አጤ ሠርፀ ድንግል አሠሩት የሚባለው የጉዛራ ግንብ መስኮቱን የከፈተው ወደ ሐይቁ ነው። የማንዳባው አቡነ ያሳይ በድንጋይ እንደ ታንኳ ተሳፍረው ጣናን ተሻገሩ ብለው አባቶች ይተርካሉ፤ ያን ታሪክ ያቆየ ሰው ውኃን ከዳር ሆኖ የሚፈራ ሰው አልነበረም። አጤ ቴዎድሮስም በ1866 እ.ኤ.አ. ዘጌ ሰፍረው ሳሉ ከደንገል በተሠራ ትልቅ ጀልባ ላይ በእጅ የሚዞር መንኰራኵር እንዳስገጠሙ እስረኛቸው የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽፎታል። በጣና ላይ በሰው ጉልበት ቀዘፋ ብቻ ሳይሆን በማሽን ለመሄድ የተመኘው የመጀመሪያው ሰው የእኛው ንጉሥ ሳይሆኑ አይቀሩም። ታዲያ ያማሃ ሞተር ሲሆን ጊዜ ምን ባዕድ አደረገው?

ፈረንጅ የሆነውስ መጽሐፉ ነው። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን ደሴት ከደሴት እየዞረ፣ ገዳም ከገዳም እየጠየቀ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈውን ትልቅ መጽሐፍ በ1936 እ.ኤ.አ. አሳተመ። 37 ደሴቶች አሉት እየተባለ የሚነገርለትን ይህን ሐይቅ በየደሴቱ ወርዶ፣ የየቦታውን ስም በአማርኛ እየጠራ የሚያሳየኝ አቻ መጽሐፍ በመደርደሪያዬ ላይ ፈልጌ አጣሁ። የራሴን ሰፈር ውኃ ከቆንስሉ መጽሐፍ ነው ያወቅሁት። ይህ ለአንድ ገጣሚ ውርደት ካልሆነ ውርደት ምን እንደሆነ ንገሩኝ።

ሁለተኛው መልስ ይበልጥ ያናድደኛል፤ ከእኛው ከሥነ ጽሑፍ ሰዎች ስለሚመጣ። «ሞተር ጩኸት ነው፤ የጣና ነፍስ ታንኳ ናት» ይሉኛል። ታንኳ! በግጥሞቻችን ውስጥ ታንኳ የሌለባት ጣና የለችም። ለመሆኑ ታንኳን ማን ይሠራታል? ደንገሉን ከረግረግ ቆርጦ፣ አድርቆ፣ አስሮ ሲሠራት የኖረው ነገደ ወይጦ ነው። ይህን ሕዝብ አገሬው ለዘመናት ከማዕዱ አራቀው፤ ጉማሬ ይበላል ብሎ ተጸየፈው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም የእኔ ነው አላለውም። ታንኳዋን አወድሰን ሠሪውን ናቅን። እንፍራንዝ ውስጥ ልጅ ሆኜ «ወይጦ» የሚለውን ቃል በስድብነት እንጂ በሌላ አገባብ ሰምቼው አላውቅም፤ እኔም ብዬዋለሁ።

እዚህ ላይ የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ የሆነ ሰው ቆም ብሎ እንዲሰማኝ እለምናለሁ። ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ገደማ በዚህ አገር ሲያልፍ ወይጦዎች ከሌላው ሁሉ ፈጽሞ የተለየ የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ጽፏል። በ1907 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሊቅ ኦይገን ሚትቮኽ ስለ እነርሱ ሲጽፍ ግን አፋቸው አማርኛ ሆኖ ነበር። በመካከል ባለው ዘመን አንድ ቋንቋ ጠፋ። ይህን ውኃ በየዕለቱ ሲቀዝፍበት፣ ሲበላበትና ሲሞትበት የኖረው ሕዝብ ቋንቋ ነው የጠፋው። ንፋሱን፣ ሞገዱን፣ የዓሣውን ዓይነት፣ የደንገሉን ዕድሜ ምን ብሎ ይጠራ እንደ ነበር የሚነግረን የለም። በዙሪያው ባሉት ደሴቶች ውስጥ ብራና የሚዳምጡ፣ ቀለም የሚበጠብጡ፣ ሌሊትና ቀን የሚጽፉ ሊቃውንት ነበሩ፤ የጎንደር ቤተ መንግሥትም ዜና መዋዕል ጸሐፊ አልጠፋውም ነበር። የቀዛፊውን ቋንቋ የመዘገበ ግን የለም። እኛ የእነዚያ ጸሐፊዎች ልጆች ነን፤ አሁንም ከቀዛፊው ጋር አንሳፈርም።

ሦስተኛው መልስ ግን ክብደት አለው፤ ስለዚህ አልዘልለውም። «ሞተር ጀልባው ነው ጣናን የጎዳው» ይላል። እውነት አለበት። በ1986 እ.ኤ.አ. ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በልማት ፕሮግራም ስም ወደ ሐይቁ ገቡ። በዓለም ላይ ከጣና በቀር የማይገኙ የላቢዮባርበስ ወገን ዓሣዎች እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ወንዞች ሲወጡ መረቡ በወንዙ አፍ ላይ ይጠብቃቸው ጀመር። ተመራማሪዎች ባደረጉት ጥናት ቁጥራቸው በ1991 እና በ2001 እ.ኤ.አ. መካከል በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ። ይህን ክጄ የጀልባ ጠበቃ አልሆንም። ነገር ግን ጥፋቱ የመረቡና መረቡን ያለ ገደብ የለቀቀው አሠራር ነው፤ ሁለት ሰው ጭኖ ቀኑን የሚውል ጀልባ ዓሣ አይጨርስም። ደግሞም አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ፤ ይህ ሁሉ ዓሣ ሲያልቅ ከእኛ መካከል አንድ ስንኝ የጻፈለት ማን ነው? እንቦጩ ዓይን ውስጥ የሚገባ አበባ ስላለው አለቀስንለት። ዓሣው ከውኃው በታች ስለ ነበር ሲያልቅ አላየነውም።

ወደ ቀኑ ልመለስ። በጀልባዋ ውስጥ የነበሩት የመንሳፈፊያ ጃኬቶች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ እኛ ከሞተረኛው ጋር ሦስት። ሞተረኛው ልጅ እግር ነው፤ «እኔ ዋና እችላለሁ» ብሎ ለእኛ ሰጠን። (ይህን አትቀበሉ። እኔ ተቀብዬ ቀኑን ሙሉ ስሳቀቅ ውያለሁ።) አባቴ ጋቢውን ሳያወልቅ ጃኬቱን ከላይ ደረበው፤ አማተበ፤ መካከል ላይ ተቀመጠ። ሞተሩ ሲነሣ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

«አይፍሩ አባባ» አለው ልጁ። «ባሕሩ ገና ተኝቷል። የሚነሣው ከቀትር በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ እኛ ተመልሰናል።»

ማንዳባ መድኃኔ ዓለምን በሩቁ ተሳልመን አለፍን። ከዚያ ልጁን ወደ ምሥራቅ እንዲያዞርልን ለመንሁት። እንግዳ የሚሄድበት አቅጣጫ ስላልሆነ ተገረመ። አንድ ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ ሞተሩን እንዲያጠፋው ጠየቅሁት። አጠፋው። ዝምታው እንዴት እንደሚመስል ልጽፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ስለዚህ እተወዋለሁ።

አባቴ ዓይኑን ገልጦ ወደ ምሥራቅ ተመለከተ። ተራሮቹ ሰማያዊ ሆነው ተደርድረው ነበር። ብዙ ዝም ካለ በኋላ ጣቱን ዘርግቶ መጥራት ጀመረ። ይህ እንትና ያረሰው ሸንተረር፣ ያ የእናቱ አገር፣ ከዚያ በታች የጉዛራ ኮረብታ፣ ከእርሱ ሥር እንፍራንዝ። ወጣት ሳለ ባሕሩ በበጋ ሲሸሽ እየተከተለ ሽምብራ የዘራበትን ባሕር ሸሽ ከዚያ ርቀት አመላከተኝ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ያደገበትን አገር ከባሕሩ በኩል ሲያየው ያ የመጀመሪያው ነበር። ልጁ ደግሞ በበኩሉ ውኃውን ይቆጥርለት ጀመር፤ የት ላይ ቆሮሶ እንደሚበዛ፣ የት ላይ አምባዛ፣ የትኛው ንፋስ ከየት ሲመጣ መመለስ እንዳለበት። ሁለቱ ተግባቡ። አንዱ የብሱን ያውቃል፤ አንዱ ባሕሩን ያውቃል። እኔ በመካከላቸው ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ተቀመጥሁ፤ የአሥራ አንድ ግጥም ባለቤት፣ አንዱንም ሳላውቅ።

«ወደ አገራችን አድርሰን» አለው አባቴ።

«አይቻልም አባባ። እንቦጩ ዘግቶታል።»

አላመነውም። ስለዚህ ልጁ ወደ መገጭ ወንዝ አፍ አቅጣጫ እስከሚቻለው ድረስ ወሰደን። በመጀመሪያ አረንጓዴ ሜዳ መሰለኝ፤ ቀርበን ስናይ የሐምራዊ አበባ ግንብ ነው። ሞተሩን ከውኃው አወጣው፤ በማራገቢያው ላይ ሥሩ ተጠምጥሞ ነበር። በቢላዋ እየቆረጠ ሲያላቅቅ «ትናንት እዚህ አልነበረም፤ ንፋስ ሲነዳው ነው የሚመጣው» አለን። ያ አረም በጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነበር። እኛ በቀረብንበት ሰሞን በየከተማው የእንቦጭ ግጥም ይነበብ ነበር፤ ማጨጃ ማሽን ይገዛ፣ ገንዘብ ይሰበሰብ ነበር። ከግጥሞቹ አንዱ የእኔ ነው። በዚያ ግጥም ውስጥ እንቦጭ «እሾኽ» ተብሏል። እንቦጭ እሾኽ የለውም። ቅጠሉ ለስላሳ ነው፤ ግንዱ እንደ ስፖንጅ ይለመልማል፤ በእጄ ይዤ ያየሁት ያን ቀን ነው። አባቴ ከጀልባዋ ጎን ጎንበስ ብሎ አንዱን ነቅሎ አገላብጦ አየውና «ከብት ይበላዋል?» ብሎ ጠየቀ። ከእኔ ግጥም ይልቅ ያ ጥያቄ ስለ እንቦጭ ብዙ ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። «ገበታ ለሀገር» በተባለው ፕሮጀክት ጎርጎራ ላይ ያማረ መዝናኛ ተሠርቷል። በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ ሁለት የተባለችው ትልቅ ጀልባ ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ባሕር ዳር ስትገባ በየመንገዱ ሕዝብ እየወጣ አይቷታል። በሌላ በኩል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ጦርነት የአገሬውን መንገድ አስፈሪ አድርጎታል፤ ከእንፍራንዝ ተነሥቶ ለጨዋታ ጎርጎራ መዋል እንደ 2010 ዓ.ም. ቀላል አይደለም። ስለዚህ ነገ ሂዱ አልልም። ግን ጦርነት ባልነበረባቸው ዓመታትስ ማናችን ሄድን? ሰበቡን ለጦርነቱ ብቻ ብንሰጠው እንዋሻለን።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። የመጽሐፍ ምረቃ ስናዘጋጅ አዳራሽ እንከራያለን፤ ድምፅ ማጉያ እንከራያለን፤ አበባ እንገዛለን። አምስትና ስድስት ሆነን አንድ ጀልባ ለአንድ ቀን ለመከራየት ከዚያ ያነሰ ይበቃል። ጣና ቢርቅ ሐዋሳ አለ፤ ሐዋሳ ቢርቅ ቢሾፍቱ ባቦጋያ አለ። ካሜራውን ትታችሁ ሂዱ። በማለዳ ሂዱ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ጃኬት መኖሩን ቆጥራችሁ ተሳፈሩ፤ ሞተሩን አስጠፉ፤ ከሞተረኛው ጋር ተነጋገሩ፤ የሚናገረውን ቃል በሚናገርበት አነጋገር ጻፉት። ግጥሙ ቢቀር ይቅር።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ተመለስን፤ ልጁ እንዳለው ባሕሩ ተነሥቶ ጀልባዋን መምታት ጀምሮ ነበር። ባለቤቱ ወደቡ ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ሂሳቡን ከፈልሁ። አባቴ ጃኬቱን አውልቆ፣ የረጠበውን ጋቢውን ጨምቆ፣ ወደ ሰውየው ቀረበ።

«ስማኝማ ልጄ። ጎረቤቶቼን ይዤ ብመጣ፣ ስድስት ሆነን፣ ስንት ትላለህ?»

ሰውየው ወደ ኋላችን አላየም። ጥቂት አሰበና «ለእርስዎ ከሆነ ሁለት ሺህ ተኩል» አለ።

«ሁለት ሺህ» አለ አባቴ።